ወርቅ የተቀባው ቁልቁለት

የጋሽ ይማምን ሞት የሰማሁት በባነር ትእዛዝ ነው።

ጠዋት ነበር። ገርጂ ያለችውን ማተሚያ ቤቴን ከፍቼ ማሽኑን እያሞቅኩ ሳለ በቴሌግራም አንድ ፎቶና አንድ የድምፅ መልእክት ገባልኝ። ላኪው ናትናኤል ነው፤ ቦሌ ያለ አንድ ትልቅ ሕንጻ ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ልጅ። «ሃይ ትዕግሥት፣ አንድ አርጀንት ባነር ነበረችኝ» ይላል። «ያ የብረቱ አርቲስት ትናንት አርፎ ነው። ቦስ የሐዘን መግለጫ ይውጣ ብሏል። ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ሎጎአችንን ከላይ ጎላ አድርጊው፤ ከሰዓት ካደረስሽልኝ በጣም አሪፍ ነው።»

ያ የብረቱ አርቲስት። ስማቸውን እንኳ አልጠራም። ፎቶውን ከፈትኩት። የሰው ፊት የለበትም። ያለው ከሕንጻው በር ፊት ለፊት የቆመው ብረት ብቻ ነው፤ ከእግሩ እስከ ራሱ ወርቅ ተቀብቶ እንደ ሰርግ አዳራሽ ወንበር ያብለጨልጫል።

«ወርቃማ ቀለም የለኝም» ብዬ ጻፍኩለት። ውሸቴን ነው፤ ሞልቶኛል። ከዚያ ማሽኑን አጠፋሁና ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ይበልጥ ነበር፤ ዛሬም ይበልጣል። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ጋሽ ይማም በሰው ሎጎ ሥር፣ በሰው ወርቅ ተሸፍነው እንዲቀሩ አልፈልግም።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። የእሳቸው የብረታ ብረት ቤት ከኔ ሱቅ ጀርባ፣ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ነበር። አከራያችን ሁለታችንንም ከአንድ ቆጣሪ ላይ ስለቀጠለን እሳቸው ብየዳ ሲጀምሩ መብራቱ ይወርዳል፣ የኔ ማሽን መሐል ላይ ይቆማል። በገባሁ ሰሞን አንድ የሰርግ ባነር እያተምኩ ይኸው ሆነ። ሙሽሪት ወጥታ ሙሽራው ሳይወጣ ቀረ። ባነሩን በክንዴ ተሸክሜ ሄድኩባቸው።

የብየዳ ጭምብላቸውን ገልጠው ባነሩን አዩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸው በብረት ብናኝ የጠቆረ ሰው ናቸው።

«ሙሽራው የት አለ?» አሉኝ።

«እርስዎ በሉታ!»

«እኔ ያልበላሁትን አልከፍልም። ሁለት ቤት በአንድ ሽቦ ያከራየውን ሌባ ጠይቂ።» ከዚያ «ስምሽ ማነው?» አሉ።

«ትዕግሥት።»

«ወላሂ አይመስለኝም» አሉኝ።

ይቅርታ አልጠየቁም፤ በሕይወታቸው ይቅርታ ሲጠይቁ አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ግን ሥራ ላይ እያለሁ ግድግዳው በመዶሻ ድው ድው አለ። ምን መጣ ብዬ ስወጣ «ልጀምር ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንዲሁ ሆነ። ብየዳ ከመለኮሳቸው በፊት ግድግዳውን ይመታሉ፤ እኔ ማሽኔን አቆማለሁ። ሲጨርሱ ደግሞ ይመታሉ፤ እኔ እቀጥላለሁ። ደንበኞቼ ይደነግጡ ነበር። እኔ ግን ለመድኩት፤ ግድግዳው ሳይመታ የዋለ ቀን ሰውዬው አሟቸው ይሆን ብዬ በጓሮ ዞሬ አያለሁ።

እንጀራቸው በርና የመስኮት ፍርግርግ ነበር። አንበሳ ያለበት በር አይሠሩም። አንድ ጊዜ ከሰሚት የመጣ ባለቪላ በሩ ላይ ሁለት አንበሳ ይሁንልኝ ቢላቸው «አንበሳ ከፈለግህ አንበሳ አሳድግ» ብለው ሰደዱት። ከበሩና ከፍርግርጉ የተረፈውን ጊዜ ለራሳቸው ሥራ ያውሉታል። የራሳቸው ሥራ የሚሉት ጓሮውን የሞላው ብረት ነው። ረጃጅም ቱቦ፣ የታጠፈ ላሜራ፣ ክብ፣ ሰያፍ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ፣ ሁሉም ቀለም የተቀባ። ሰው አይመስልም፣ እንስሳ አይመስልም፣ መስቀልም ጨረቃም የለበትም። ያየ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ምንድን ነው?»

ይሄ ጥያቄ ነበር የሚያሳብዳቸው። ለአንዱ በር አሠሪ «የማይዘጋ በር ነው» አሉት። ሊቆጣጠር ለመጣ ሹም «ቀጥ ብሎ የቆመ ብረት ነው፤ እንዳንተ ወንበር አልለመደም» ብለውት ነገሩን ለማብረድ እኔ ሻይ ጋብዤዋለሁ። «ሰው ተራራ ሲያይ ምንድን ነው ይላል?» ይሉኝ ነበር ደንበኛው ሲሄድ። «አይልም። ቁጭ ብሎ ያያል። ከኔ ጋ ሲመጣ ነው ምላሱ የሚፈታው።»

እኔም አንድ ቀን ጠይቄ ተሰድቤያለሁ። ከሰደቡኝ በኋላ ግን በርጩማ አቀረቡልኝና ነገሩኝ። ኮምቦልቻ ነው የተወለዱት፣ ከፋብሪካው አጥር ሥር።

«ከደሴ ተነሥተሽ ሐረጎን ስትወርጂ» አሉኝ፣ በእጃቸው ቁልቁለቱን እየሳሉ፣ «መኪናው እየዞረ፣ እየዞረ፣ ከተማዋን ከላይ ታያታለሽ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። ጣራው፣ ጭስ ማውጫው፣ የውሃ ታንከሩ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሌላ ናት። ይሄው ነው። ሌላ ምንም አይደለም። ያንን መዞር ነው የምሠራው።»

ቀለሙስ ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለወጠ። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ከማቅለሚያው ኋላ አንድ ቦይ ይወርዳል። ሰኞ ቀይ ይሆናል፣ ኀሙስ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ስም የሌለው ብርቱካንማ ነገር። ልጆቹ የወረቀት ጀልባ ያንሳፍፉበታል። ከታች ደግሞ ላሞች ይጠጡታል፣ ላሞቹም ይሞታሉ።

«ውብ ነበር» አሉኝ። «እንደዚያ ያለ ቀለም በዓይኔ አይቼ አላውቅም። መርዝም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አባቴ ሲሞት ጀናዛውን ሲያጥቡት እዚያው ነበርኩ። ጥፍሩ ሰማያዊ ነው። አጠቡት፣ አጠቡት፣ አልለቀቀም። ሰማያዊ ጥፍሩን ይዞ ተቀበረ። እና ለምን ተቆጣህ ይሉኛል።»

ያንን ሰማያዊ ለማግኘት ከኔ ማሽን ጋር ስንት ተጣልተናል። በትንንሽ ቁራጭ አትሜ አሳያቸዋለሁ፤ ወደ ፀሐይ ይዘውት ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። «ይሄ የሰማይ ነው። እኔ የቦይ ነው ያልኩሽ።» ሌላ አትማለሁ። «ይሄ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው።» እኔም እናደዳለሁ፤ ሰማያዊ ሰማያዊ ነው እላለሁ። «የሰማይ ሰማያዊ አለ፣ የኀሙስ ሰማያዊ አለ፤ አንቺ የቦሌ ልጅ ከየት ታውቂዋለሽ» ይላሉ፣ እኔ የሆሳዕና ልጅ መሆኔን እያወቁ። በመጨረሻ አንዷን ቁራጭ ይዘው ወጡና ሳይመለሱ ቀሩ። ዞሬ ሳይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቁራጯን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አድርገዋታል። ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

ያ ሰማያዊ ነው ቦሌ የሄደው።

የሕንጻው ባለቤት ዱባይ ያየውን ዓይነት «ሞደርን ነገር» ፈልጎ፣ ሰው ጠቁሞት መጣ። ጋሽ ይማም እስኪገርመኝ ድረስ እሺ አሉ። ብረታቸው ከጓሮ ወጥቶ የሰው መንገድ ላይ መቆሙን ፈልገውት ነበር፤ ባይሉም ያስታውቅባቸው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ግድግዳዬ ተደበደበ። ሥራው ሲያልቅ ስሙን «ቁልቁለት» አሉት። እየዞረ የሚወርድ ሰፊ ቀይ ላሜራ፣ በጎኑ ቢጫና ጥቁር ቱቦዎች፣ ከላይ ጫፉ ላይ ያ ሰማያዊ። ዙሪያውን ስትሄዱ በእያንዳንዱ እርምጃ ሌላ ነገር ይሆናል።

ቦሌ ወደደው። ምን እንደሆነ ሳያውቅ ወደደው። ልጆች ቀዩ ላይ ይንሸራተቱበታል፣ ሊስትሮው ዕቃውን ሥሩ አስቀምጦ ጥላውን ይከተላል፣ የተቀጣጠሩ ሰዎች እዚያ ይጠባበቃሉ። ጋሽ ይማምን ከሁሉ ያስደሰታቸው የታክሲ ረዳት «ብረቱ ጋ ወራጅ አለ?» ሲል መስማታቸው ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ሄደው ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ። ሲመለሱ «ዛሬ አንዲት ሴትዮ ጫማዋን አውልቃ ተደግፋው እግሯን ስታሽ ነበር» ይሉኛል። ለእሳቸው ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ከዚያ ሰንሰለት መጣ። ባለሕንጻው ልጆቹ ቆሻሻ አደረጉብኝ ብሎ ዙሪያውን በወፍራም ሰንሰለት አጠረው፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚልም ሰቀለበት። ጋሽ ይማም በጠራራ ፀሐይ መቁረጫቸውን ይዘው ሄደው ሰንሰለቱን ቆረጡት። ዘበኞቹ ያዟቸውና ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷቸው። ላስፈታቸው ስደርስ መርማሪውን ያስተምሩታል። «ልጄ፣ እኔ የሠራሁት ለሰው እጅ ነው። ሰንሰለት ለበሬ ነው» ይላሉ። መርማሪው ቀና ብሎ አየኝና «ልጃቸው ነሽ?» አለኝ። «ጎረቤታቸው ነኝ» አልኩት። «ይውሰዱልኝ» አለኝ፣ አንቱ ብሎ።

ሰንሰለቱ ተመልሶ ታሰረ። ይባስ ብሎ ሕንጻው ውስጥ ወርቅ ቤቶች በሚከፈቱበት ሰሞን፣ ለምርቃቱ ብረቱን ወርቅ ቀቡት። ያየሁት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ የደረስን መስሎኝ ነበር። ረዳቱ «ወርቁ ጋ ወራጅ?» ሲል ነው የገባኝ።

አብረን ሄድን። የሚሰድቡትን ሰውና የሚሰብሩትን ዕቃ እያሰብኩ ነበር፤ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተሳደቡም። ሰንሰለቱን ተራምደው ገቡና እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጫፉ ላይ አሳረፉ፣ ሰማያዊው የነበረበት ቦታ።

«ጥፍሩን ደፈኑት» አሉ።

የተሳደብኩት እኔ ነኝ። ናትናኤልን ከቢሮው አስወጥቼ፣ ጠባቂ እያየ፣ ወርቅ ሊገዙ የመጡ ሰዎች እያዩ ተሳደብኩ። ልጁ ግራ ገብቶት «ትዕግሥት፣ ከልብሽ ነው? ገዝተነዋል እኮ። ደግሞ ጎልድ ከብራንዳችን ጋር ይሄዳል» አለኝ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የአንድ ሰው አባት ጥፍር ላይ ቀለም እንደደፉ ስትነግሩት «ከብራንዳችን ጋር ይሄዳል» ከሚል ሰው ጋር እንዴት ነው የሚጣሉት?

ጋሽ ይማም ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። «ተዪው። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛ በሰው በር ላይ የሚቆም ነገር አልሠራም።» ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳው የተመታበት ቀን ጥቂት ነው። ጉልበታቸውም ደከመ። ክረምቱ ሳይወጣ ቤቱን ዘግተው ዕቃቸውን ቦሌ አራብሳ ወደሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ወሰዱት። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም።

የመጨረሻውን ሥራ የሠሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፣ በብሎኮቹ መሐል ባለው ባዶ መሬት ላይ። ስልክ ደውለው «ነይና እዪ» አሉኝ። ስደርስ ደሜ ፈላ። ብረቱ ቆሟል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ጫፉ ላይ ያ ሰማያዊ። ላዩ ላይ ግን አንሶላ፣ የልጅ ሱሪ፣ ብርድ ልብስ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ካልሲ ተሰጥቶበታል። እኔ ቦሌ ላይ ያልጨረስኩትን ስድብ ልጀምር ስል ጋሽ ይማምን አየኋቸው። በረንዳ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

«አንቺዬ፣ ፋብሪካው የጨርቅ ነበር እኮ» አሉኝ። «ጨርቁን ረስቼው ኖሯል። ዕድሜዬን ሙሉ ብረቱን ብቻ ስሠራ ጨርቁን ረሳሁት። እነሱ ጨመሩልኝ።»

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ወይንሸት፣ አጠር ያሉ ሴት ናቸው፣ ቢጫው ቱቦ አልደረስ አለኝ ብለዋቸው ነበር። ጋሽ ይማም በማግስቱ በእሳቸው ቁመት ልክ አንድ ክንድ በይደው ጨመሩላቸው፣ ቀለምም ቀቡት። ለባለሕንጻ ያልታጠፉ ሰውዬ ናቸው እንግዲህ።

ባነሩ በታዘዘበት ቀን ሱቄን ዘግቼ አራብሳ ወረድኩ። ቀብሩ ባረፉበት ዕለት ስለተፈጸመ አልደረስኩም። ድንኳኑ ከብረቱ አጠገብ ተተክሏል። ብረቱ ራቁቱን ነበር። ለሐዘኑ ሲሉ ጎረቤቶቹ ልብስ ማጠብ ትተዋል፤ ማንም ሳይነግራቸው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ክሬን የጫነ መኪና ወደ ግቢው ገባ። ከኋላው በነጭ መኪና ናትናኤል። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ እየሮጡ ወጥተው ተቀበሉት። ነገሩ ለካ አልቋል። ባለሕንጻው የሟቹን የመጨረሻ ሥራ ወስዶ ከወርቁ ጎን ሊያቆም፣ በምትኩ ለግቢው ንጣፍና መቀመጫ ሊያሠራ ከኮሚቴው ጋር ተስማምተው ተፈራርመዋል። ሟች ወራሽ የላቸውም፣ መሬቱ የጋራ ነው።

ከድንኳኑ ወጥቼ ናትናኤል ፊት ቆምኩ። «ይሄንንም ልትቀቡት ነው?» አልኩት።

«ሌጋሲውን ፕሪዘርቭ ልናደርግለት ነው» አለኝ ናትናኤል። «እዚህ ዝናብ ሲበላው ይሻላል?» በባነሩ አኩርፎኝ እንደነበር ያስታውቃል። ሰብሳቢው ደግሞ «እህቴ፣ ልጆቻችን ጭቃ ላይ ነው የሚጫወቱት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጭቃ ነው። የክሬኑ ሰዎች ገመድ መፍታት ጀመሩ።

እትዬ ወይንሸት ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ነጠላቸውን አጥብቀው ወደ ላይ ወጡ። የተናደዱ መስሎኝ ነበር፤ ሄደው የሚያለቅሱ። ተመልሰው ሲወርዱ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ድረስ ሳፋ ተሸክመዋል። ሳፋው ውስጥ ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ አለ። ሄደው በቁመታቸው ልክ በተበየደው ክንድ ላይ ዘረጉት። ውሃው የክሬኑ ረዳት ጫማ ላይ ተንዠቀዠቀ። ከዚያ ሌላዋ ተነሣች፣ ከዚያ ሌላዋ። መጋረጃ፣ ዩኒፎርም፣ አንሶላ፣ ፎጣ፣ የታጠበም ያልታጠበም፣ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ እየወጣ። ጥቂት ቆይቶ ብረቱ አልታይ አለ፤ ሰማያዊው ጫፉ ብቻ ከላይ ቀረ።

ናትናኤል መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ እባክዎ፣ ይሄ እኮ አርት ነው። ምን እንደሆነ ያውቁታል?»

«አሳምሬ አውቀዋለሁ» አሉት እትዬ ወይንሸት፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ። «ማስጫ ነው።»

የክሬኑ ሾፌር ሳቀና ገመዱን መልሶ ጠቀለለ። የሰው ልብስ ላይ ገመድ አላስርም አለ። ጋሽ ይማም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሁሉ ላይ ተቆጥተዋል። በዚህኛው መልስ ግን የሚቆጡ አይመስለኝም።

ናትናኤል በሌላ ቀን እንመጣለን ብሎ ሄደ። ይመጣሉም፤ ወረቀቱ ተፈርሟል። ስለዚህ የብሎኩ ሴቶች ተራ ይዘው ያጥባሉ፤ ብረቱ ባዶውን የሚውልበት ቀን የለም። ቦሌ ያለው ግን አሁንም ወርቅ ነው፣ አሁንም በሰንሰለት ታስሯል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ንዴቱ እንደ አዲስ ይነሣብኛል። እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሴን በፌስታል ይዤ ከገርጂ አራብሳ ድረስ እወርዳለሁ። ታክሲ ውስጥ እርጥብ ነገር ይዤ እየገባሁ ከረዳት ጋር ስንት ተነታረክን። ባለፈው አንሶላዬን ከመዘርጋቴ በፊት ብረቱን በጡጫዬ ድው ድው አደረግሁት።

«ምን እያረግሽ ነው?» አሉኝ እትዬ ወይንሸት።

«ልጀምር ነው እያልኳቸው» አልኳቸው።